ጉና ላይ የቆመው ደመና

መጋቢት 29

ንፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። ጉና ጥርት ብሏል። ባሕር ዳር ላለው የአየር ትንበያ ባለሙያ፣ ለደረጄ፣ ደውዬ ነገርኩት። "ሌላስ?" አለ። "ሌላ የለም።" ዘጋ። ሌላ ምን ይኖረኛል... የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያው ውስጥ ያለነው እኔና የንፋስ መለኪያው ነን።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን አለፈ። ቤዛዊት ትኖርበት ይሆን? ልጄ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ኅዳር ላይ እዚሁ ጉና ተራራ አናት ላይ አየሩ ሲንጣቸው ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። "ይቅርብሽ ይሄ ሥራ" አልኳት። "አባባ፣ እርስዎ ንፋሱን ይንገሩን እንጂ ሥራዬን አይንኩብኝ!" ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ድና መብረር እንደጀመረች የነገረችኝ አክስቷ ናት።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ጎረቤቴ ጥሩወርቅ የዘንባባ ቀለበት ሰጠችኝ። "ልጅዎ ለፋሲካ ትመጣለች?" "ሥራ በዝቶባታል" አልኳት። ዋሸሁ... ያውም በጾም!

ሚያዝያ 8

ጠዋት ጉና ላይ የተደፋ ሰፌድ የመሰለ ደመና። ንፋሱ ባሕር ዛፉን እያጎነበሰ፣ ደመናው ግን ንቅንቅ አይልም። አላማረኝም። ንፋሱ ተራራውን ዘሎ ከማዶ እየተንከባለለ ነው፤ የርብ ውሃ ቋጥኝ ሲዘል እንደሚሆነው። አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ቢገባ... ለደረጄ ደወልኩ። "አሁኑኑ ለካፒቴኖቹ አስተላልፋለሁ" አለ።

ከዚያ ዝም። ትንበያ ሲሰምር ማንም አይደውልም። ቢሆንም ስልኩን ሳይ ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ መልእክት። ከቤዛዊት! "ስለ ጉና ተነግሮን ሁላችንም ቀበቶ ታጥቀን ተቀምጠን ነበር። ናጠን፤ የተጎዳ የለም።" በቃ። ሰላም የለ፣ እንደምን ዋሉ የለ። ለባዕድ እንኳ እንዲህ አይጻፍም። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። "እሺ" ብዬ መለስኩ። እሺ! ምን ዓይነት መልስ ነው?

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ጥሩወርቅ ዝም ብላ አለፈችኝ። ልቀየማት ስል ትዝ አለኝ... ሕማማት! በሕማማት ሰላምታ የለም። ድሮስ ሰላም የሚለኝ መች አለና፣ ሳምንቱን ከሌላው አልለየሁትም። ታዲያ ቤዛዊትም ለዚሁ ይሆን? ወይስ አሁንም ቂም ይዛለች? እግዜር ይወቅ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጠዋት ስልክ ጮኸ።

"አባባ! እንኳን አደረሰዎ! እንደምን አደሩ? እንደምን ሰነበቱ? የሕማማቱንም ጭምር ነው!"

ሳቀች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

"ይሰሙኛል? ነገ እረፍት ነኝ፤ በጠዋቱ በረራ ባሕር ዳር እገባና ወደ እርስዎ እመጣለሁ። ጉና እንዴት ነው?"

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ አየሁ። "ጥርት ብሏል ልጄ። ቢሆንም ታጠቂ።"

ሚያዝያ 13

ንፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። ጉና ጥርት ብሏል። "ሌላስ?" አለ ደረጄ።

"ልጄ መጥታለች" አልኩት።