መደርደሪያው ላይ የቀረው ዱቄት

ሜይ 6

ወንዝ ወርደን ናሙና ቀዳን። በየሦስት ወሩ እንደተለመደው፤ አራት ቦታ፣ አራት ጠርሙስ። ሾፌራችን ካሶንጎ ዛሬም ከቀልዱ አላረፈም። «ንካንዱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የቀዳሽውን ውሃ ለባል ቀድተሽለት ቢሆን ስንት በርሜል በሞላ!» ባል እንደሌለኝ እያወቀ። ሳቅኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

የምዊላ እናት ከታች፣ የመንደሩ ሴቶች የካሳቫ ሥር የሚዘፈዝፉበት ጋ ጠበቁኝ። እንደ ሁልጊዜው አንድ ላስቲክ የካሳቫ ዱቄት ሰጡኝ። ፊታቸው ግን ጥሩ አልነበረም።

«ውሃው ምን ሆኗል? ድሮ በሦስተኛው ቀን ካሳቫው በጣት ይፈርስ ነበር። አሁን አምስት ቀን ተዘፍዝፎም እንጨት ነው። እንደምንም ወቅጠን እንበላዋለን።»

«ውሃው ንጹህ ነው፣ እናቴ። የማዕድን ኩባንያው እኔን የቀጠረኝ ለዚህ እኮ ነው። ውጤቱን የምፈርመው እኔው ነኝ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ።»

አንቺ ካልሽ እሺ... ለምን ከነከነኝ?

ሜይ 8

ሪፖርቱን እየጻፍኩ የድሮውን ካርታ አወጣሁ። እንዲያው ለማስተያየት። አራተኛው ቦታ ከኩባንያው የፍሳሽ ቱቦ በታች ነው። እኛ የምንቀዳው ግን ከቱቦው በላይ! ደግሜ አየሁ። ካርታውን ገልብጬም አየሁ፣ እንደ ሞኝ።

ማን አዛወረው? የመስክ ደብተሬን ከፈትኩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፌብሩዋሪ፣ ዝናብ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ «መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዟል። አራተኛውን ለጊዜው ከድልድዩ ሥር ቀድተናል።»

ለጊዜው። ጭቃው ደረቀ፣ እኔ እዚያው ድልድይ ሥር ቀረሁ። መንገዱ ይቀላል፣ ጥላ አለው፣ ካሶንጎም ጋደም ይልበታል... ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሻሻው ያልደረሰበትን ውሃ እየለካሁ «ንጹህ» ብዬ ፈረምኩ።

ሜይ 9

ለማንም ሳልናገር ካሶንጎን ይዤ ወደ ድሮው ቦታ። «ዛሬ ደግሞ ምን ረስተን ነው?» አለ። «አንድ ጠርሙስ» አልኩት። ሳሩን እየገፋን ወረድን። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ድንጋዮቹን አረንጓዴ ቀብቷቸዋል። ካሶንጎ ቀልዱን ተወ። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ ካሳቫው ተዘፍዝፏል።

ሜይ 15

ውጤቱ መጣ። መዳቡ ከተፈቀደው አሥራ አንድ እጥፍ። ካሳቫውን የሚያብላሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላል፣ የካሳቫው የራሱ መርዝም ሳይወጣ ይቀራል።

ቤት ገብቼ ንሺማ፣ የካሳቫ ገንፎ፣ ላገነፋ ውሃ ጣድኩ። የምዊላን እናት ዱቄት ፈታሁት። መልሼ አሰርኩት። መደርደሪያው ላይ፣ ከድስቶቹ ኋላ ገፋሁት። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ አለቀ።

ሜይ 16

አቶ ሲካዝዌ ጋ ገባሁ፤ አለቃዬ ናቸው። በሩን አስዘጉኝና ወረቀቱን ሲያነቡ ቆዩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ለሰለሱ። ያ ነው ያስፈራኝ።

«ልጄ፣ የማዕድኑ ፈቃድ በጁን መጨረሻ ይታደሳል። ቱቦውን እናስተካክላለን፣ ቃሌ ነው። አንቺም ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ወደ ድሮው ቦታ ተመለሺ። ያለፈውን ምን አስቆፈረሽ?»

«ሴቶቹስ?»

«ውሃው ሲስተካከል እነሱም ይስተካከላሉ። ደግሞ ደብተሩ ላይ ያለው የማን ጽሑፍ ነው? የኔ ነው?»

የኔ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ሜይ 19

ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

ሜይ 24

ምክንያት መደርደር እንዴት እንደምችልበት! ቱቦው ሊሠራ ነው። ወላጅ እናቴን የምጦራት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብወጣ በቦታዬ የሚገባው የባሰ ይሆናል... ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም ግን የምዊላ እናት ፊት ቆሜ መናገር አልችልም።

ዱቄቱን ልጥለው አነሳሁት። መለስኩት። እኔ የማልበላውን እነሱ እየበሉ ለምን ዝም አልኩ? ስለፈራሁ። ሌላ ምንም የለም።

ሜይ 29

ካሶንጎ መኪናውን ዳር አቆመ። «እህቴ፣ አንቺ ስትቀጂ እኔ ጥላው ሥር ተኝቼ ነበር። የምትናገሪ ከሆነ ስሜን ጨምሪው።» ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ጁን 3

ጻፍኩት። ስንት ወረቀት ቀድጄ... አንዱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች፣ አንዱን ለአቶ ሲካዝዌ። የሁለት ዓመቱ የአራተኛው ቦታ ውጤት ሁሉ ስህተት ነው፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ። የካሶንጎን ስም አልጨመርኩም፤ ፊርማው የኔ ነው።

አቶ ሲካዝዌ አነበቡት። «የሥራ መታወቂያሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ጁን 4

በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር መንደሩ ደረስኩ። ሴቶቹ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ምንም ሳልሸፍን ነገርኳቸው። ካሳቫውን ከወንዙ አውጡ፣ በጉድጓድ ውሃ ዘፍዝፉ አልኩ። ጫጫታ ሆነ። አንዷ «የኛ ሆድ ነው መለኪያሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ሌላዋ ልጇን አቅፋ ተነስታ ሄደች። የምዊላ እናት ግን ሁሉም ሲበቃቸው ነው የጠየቁኝ።

«የምሰጥሽን ዱቄት ትበይው ነበር?»

«እበላው ነበር፣ እናቴ። ሁሌም።»

«የመጨረሻውንስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «እሱን አልበላሁትም። መደርደሪያ ላይ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተውሽው?»

«ከሜይ አሥራ አምስት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ቀስ ብለው፣ ሁለቴ።

«ሃያ ቀን» አሉ። «አንቺ ትተሽ እኛ የበላነው ሃያ ቀን።»

ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ላግዛቸው ብዬ ወረድኩ። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም ሂጂም አላለኝም። ካሳቫውን እየተቀባበልን አወጣነው፤ እንዳሉት እንጨት ነው።

ስመለስ እንደ ድሮው የተቋጠረልኝ ነገር አልነበረም። ያኛው ዱቄት አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። አልጥለውም።