ለጦር ሚኒስትሩ፦ የአዘዞው ድንኳን ገና አልተነሣም

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት አንዲት ሐፍረቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ሰኞ በጎረቤቴ በእትዬ እንኳየሁ ደጅ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ከሥጋ ዘመድ ሁሉ በልጬ «ሐዲስዬ» እያልኩ ደረቴን ስደቃ፣ የሐዘንተኛዋ እናት ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ራሱ ሟቹ፣ ልጃቸው ሐዲስ ነበር። «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?» አለ። የገባሁበትን አትጠይቁኝ።

ለኃያሉ መንግሥት ክቡር የጦር ሚኒስትር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከነታንክዎና ከነድሮንዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከነድንኳናችን አለን።

አንደኛ፣ ስለ ሥራ ዕድሉ እናመሰግናለን። ሐዲስ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ትሆናለህ ተብሎ ከጎንደር ወጥቶ፣ በማያነበው ቋንቋ አስፈርመው የጎረቤትዎን አገር ሊያስወርሩት ምሽግ አስገቡት። ሳሙና ሊሠራ የሄደ ልጅ ዛሬ ከልብሱ ደም የሚያስለቅቅበት ሳሙና አጥቷል።

ሁለተኛ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እናቲቱ ተይዛ ይነገራል። እርስዎ ግን በተኮላተፈ አማርኛ «ልጅዎ በክብር ወድቋል» የሚል የስልክ መልእክት ልከው ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገሉን። ችግሩ ሟቹ ሐዲስ አለመሆኑ ብቻ ነው። ሐዲስ በስልኩ እንደነገረን ከሆነ፣ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ፣ እንደሱው ተታሎ ለመጣ አንድ የባዕድ አገር ልጅ ጃኬቱን ከነመታወቂያው አልብሶት ነበር፤ ድሮኗ መጥታ የልጁን ሆድ ዘረገፈችው። አንጀቱን በእጁ እየሰበሰበ እናቱን ሲጣራ ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ሰዎችዎ ኪሱን ፈትሸው ለእኛ ጻፉ፤ ሬሳውን ማሳው ላይ ተዉት።

ሦስተኛውን የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ሐብተ ማርያም ያውቁታል። በደርግ ጊዜ የታንክ ጥገና ሊማሩ እርስዎ አገር ተልከው፣ ሌላ አንድ ተራራማ አገር የወረራችሁበትን ዘመን እዚያው ሆነው አይተዋል። «ያኔም ልንረዳ ገባን ነበር የሚሉት፤ መንደሩን ከነሕፃኑ፣ ከነከብቱ ከሰማይ ያነዱት ነበር። ምነው ቃሉን እንኳ ቢለውጡት?» አሉ ድንኳኑ ውስጥ። «ግን የራሳቸውን ልጅ ነበር የሚማግዱት፤ ሬሳውንም በታሸገ የቆርቆሮ ሣጥን ለእናቱ ይመልሱ ነበር።»

እኔም ሁለቱን ወረራዎች ሳስተያይ እድገትዎን መካድ አልቻልኩም። ርዳታው ያው፣ የሚቃጠለው መንደርም ያው፤ የሚማገደው ግን የሰው አገር ልጅ ሆኗል፣ ሣጥኑም ቀርቷል።

የእትዬ እንኳየሁ ልመና አንድ ነው። ሐዲስ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት «ነገ መልሰው ወደፊት ሊሰዱን ነው» ብሏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በሕይወት ይመልሱላቸው። እሳቸው ድንኳኑን አላስነሣም ብለዋል፤ «የማንም ይሁን፣ ያ ልጅ ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም» ብለው ለጃኬት ለባሹ ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ክንድዎ ይበርታ እንዳልል የሚያርፍበትን አይቻለሁ፤ እንቅልፍዎ ግን የእትዬ እንኳየሁን ያህል ይሁንልዎ።

አክባሪዎ
ጥሩነሽ ህሩይ
አዘዞ፣ ጎንደር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሁለተኛ መርዶ ካለዎት በስልክ አይላኩት። ጎህ ሲቀድ ራስዎ መጥተው በራቸውን ያንኳኩ፤ እናት ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ያንን በር የሚያንኳኳው ሐዲስ ይሁን ሚኒስትሩ፣ በዚሁ ዓምድ ታውቁታላችሁ።