በጥቅምት የተንበረከከች ሙሽራ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ጋሼ አዪንዴ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ኳላ ላምፑር ይድረስህ። እኛ እዚህ ናይጄሪያ፣ አቤኦኩታ ቤታችን፣ ከሰው እስከ ዶሮዎቹ፣ ደህና ነን።

ለታኅሣሡ ሠርጌ ፎቶ አንሺ መረጥኩ። ኮላፖ ይባላል፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። ፓኬጆቹን ነሐስ፣ ወርቅ፣ አልማዝ ብሎ ሰይሟቸዋል። አልማዙ ከሰማይ የሚያነሳ ድሮን አለው። ከሰማይ ምን ሊታይ? የአክስቶቻችን የራስ መጠምጠሚያ ብቻ። የናሙና አልበሙን ብገልጠው ሙሽሮቹ ሁሉ አንዱን የፕላስቲክ አበባ እየተዋዋሱ ያሸታሉ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አበባ ላሽትት?

አባባ ደህና ናቸው። የሠርግ ካባቸውን ልብስ ሰፊው ሁለቴ አጠበበላቸው። «መሸንቀጥ የነበረባት ሙሽራዋ፣ የሸነቀጥኩት እኔ» እያሉ ይስቃሉ፤ ገንፏቸውን ግን ለድመቷ ይሰጣሉ።

እና ኮላፖን፣ «አባቴ ፊት ተንበርክኬ ምርቃት ስቀበል የሚነሳውን ፎቶ በዚህ ቅዳሜ አንሳልኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ እሱ የሠርጉ ቀን ነው። በጥቅምት የምትንበረከክ ሙሽራ የት አየሽ?»

«መንበርከክ አልችልበትም፤ ልለማመድ።»

«ለልምምድም አልማዙን ፓኬጅ ላድርግልሽ?»

«ድሮንህን ለአሞራ አውሰውና እኔን አንሳኝ።»

ቅዳሜ አባባ ካባቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ለምን እንደቀደምን አልጠየቁኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ቀና ስል በሩን እያዩ፣ «አዪንዴስ መቼ ይንበረከካል?» አሉኝ።

ጋሼ፣ የታኅሣሡን ትኬትህን ለውጠው። ዝናቡ ሊያቆም ነው፤ ከተማችን በዚህ ወር ያምራል።

በደህና ያግባህ፤ በር ላይ ቆሜ እቀበልሃለሁ።

ታናሽ እህትህ አሪኖላ