የሐያት ማውጫ እና የእኔ መዝገብ ቤት

እሑድ

ለመላው የቤተሰባችን አባላትና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ፦ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የገቡበት ሳይታወቅ የቆዩት የላይኛው ድድ ሰው ሠራሽ ጥርሶቼ፣ ዛሬ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን በሙሉ ጤንነት ተገኝተዋል። በፍለጋው ለተባበራችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ማን እንዳስቀመጣቸው ምርመራ ይደረግልኝ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ራህመት "ወንጀለኛው ራሱ መርማሪው ነው" ብላ ፋይሉን ዘጋችው።

ጥርስ ሲገኝ ቁርስ ተበላ። አልሐምዱሊላህ።

ሌላው ዜና አያስቅም። የልጄ ልጅ ሐያት ዓርብ ጠዋት የማስተርስ ዲፌንስ አለባት። የምታጠናው ኮምፒውተር ነው፤ ከኮምፒውተርም ሰው የማያየውን ሆድ ዕቃውን። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ ውስጥ አንድ ስሕተት ተሸሽጎ አልያዝ ብሏታል። አማካሪዋ "እስከ ሐሙስ ካላስተካከልሽው ወደሚቀጥለው ዓመት እናሻግረዋለን" ብለዋታል። ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። "ቤት ውስጥ ቆጮ ሞልቶ ጥፍር ምን ያደርጋል?" አልኳት። አልሳቀችም። ሐያት በእኔ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

ሰኞ

"አባባ፣ እርስዎ መዝገብ ቤት ነበሩ አይደል?" አለችኝ ሻይ እየጠጣን።

"ነበሩ? መዝገብ ቤቱ እኔ ነበርኩ እንጂ።"

"እንግዲያው ልንገርዎትና ይፍረዱኝ። ለሰው ሳስረዳ አንዳንዴ ስሕተቴ ይታየኛል።"

የነገረችኝን ሳልረሳው ልጻፈው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ጉዳዩን ሁሉ ገጽ ገጽ አድርጎ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል። ገጾቹ የትም የተበታተኑ ናቸው። ስለዚህ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ አለው። እዚህ ድረስ የእኔው መዝገብ ቤት ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ራሱን የመሰለ ሌላ ፕሮግራም ይወልዳል። (እሷ ናት እንዲህ ያለችው፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።) ልጅየው የእናቱን ገጾች በሙሉ ይዞ ነው የሚወለደው። ድሮ ገጾቹ አንድ በአንድ ይገለበጡለት ነበር። በኋላ ብልህ ሰው መጣና "ምን አደከመን? ሁለቱም ከአንዱ ገጽ ያንብቡ፤ አንዳቸው መጻፍ ሲፈልጉ ያቺ አንዷ ገጽ ብቻ ትገልበጥ" አለ። ጥሩ። ማውጫው ግን ያኔም አሁንም ለልጅየው ይገለበጣል። እናትየው ትልቅ ከሆነች ማውጫው ራሱ ጓዝ ነው። እሱ ተገልብጦ እስኪያልቅ እናትየው ሥራዋን አቁማ ትጠብቃለች፣ ባለጉዳዩም ይሰለፋል።

"አውቀዋለሁ" አልኳት። "እኔ ማውጫ ልገለብጥ ስቀመጥ ሰልፉ ከበር አልፎ ደረጃው ላይ ይደርስ ነበር።"

የእሷ ሐሳብ ምንድን ነው? ማውጫውም አይገለበጥ። እናትና ልጅ አንዱን ማውጫ ይጋሩት። የሚጽፍ ሲመጣ የዚያ ክፍል ማውጫ ቅጠል ብቻ ይገልበጥ። ሠርታዋለች፤ ይፈጥናል። ግን አልፎ አልፎ፣ ከብዙ ሺህ ሙከራ አንዴ፣ ልጅየው ከተወለደ በኋላ እናትየው የጻፈችውን ነገር ያነባል። ያ ደግሞ መሆን የለበትም። ልጁ ማየት ያለበት እናቱን በተወለደበት ሰዓት እንደነበረች ነው።

"ሁልጊዜ ቢሳሳት እይዘው ነበር እኮ! አንዳንዴ ነው፤ አንዳንዴ!"

ላጽናናት ብዬ የሙሉጌታን ታሪክ ነገርኳት። ሙሉጌታ ተላላኪያችን ነበር። አንድ ጊዜ ፋይሎችን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ አዛውሬ ማውጫውን አስተካከልኩ። ሙሉጌታ ግን ቦታውን በቃሉ ስለሚያውቅ ማውጫ አያይም። ቀጥ ብሎ ወደ ድሮው መደርደሪያ ሄዶ የሌላ ሰው ፋይል ይዞ ይመጣል። አንዲት ባለጉዳይ የቤቷ ፋይል ጠፋ ተብላ አንድ ክረምት ሙሉ ተመላለሰች። "ደደብ ነበር ምስኪኑ" አልኩ።

ሐያት ብድግ አለች። "አባባ! እኛም ጋ አለ እኮ እሱ!"

ለካ የኮምፒውተሩም አንጎል በየጊዜው ማውጫ አይገልጥም። እንዲፈጥን ብሎ በቅርብ ያያቸውን አድራሻዎች በቃሉ ይይዛል። ማውጫው ሲቀየር "የያዝከውን እርሳ" መባል አለበት።

"በይው ታዲያ!"

ኮዱን ሮጣ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ብየዋለሁ። ይኸው፣ እዚህ መስመር ላይ አለ።"

እንዲህ ሆነና ሻዩም ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ሐያት ላፕቶፗን ይዛ ቤቴል አንድ ካፌ ሄደች፤ እኔም በጠባቂነት ተሾሜ ተከተልኩ። አስተናጋጇ "ምን ልታዘዝ አባቴ?" ስትለኝ "ሶኬት" አልኳት። ሳቀችና ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጠችን። እግዜር ይስጣት።

ዛሬ አንድ ነገር ተገኘ። የኮምፒውተሩ አንጎል አራት ነው፤ ኮር ይሏቸዋል። በአንዱ ብቻ ስታሠራው ስሕተቱ የለም። በአራቱ ስታሠራው ይመጣል። ሐያት ደስ አላት። አራቱ ማውጫው ላይ እየተጋፉ ነው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያበላሽበታል ብላ፣ በየተራ እንዲገቡ ኮዱ ውስጥ በር መቆለፍ ጀመረች። እዚህ ቁልፍ፣ እዚያ ቁልፍ። እስከ ዐሥር ሰዓት ስትቆልፍ ዋለች።

ውጤት፦ ፕሮግራሙ ዘገመ። ስሕተቱ ግን አልሄደም።

ታክሲ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሕፃን እያለች እንዲህ ታደርግ ነበር፤ አሁን ግን ከባድ ናት። ይህን ነገርኳትና ትንሽ ፈገግ አለች። ድል ነው፤ ይመዝገብ።

ረቡዕ

18 ማዞሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ተላክሁ። ለፈታኞቹ የሚሰጠውን ጽሑፍ አራት ኮፒ አስደርጌ እንድመጣ። ማሽኑን የምታሠራዋን ልጅ "ሁሉንም ከምታባዢው አንዱን አስቀምጪና ለአራቱ ማውጫውን ስጫቸው፤ መጻፍ የፈለገ ብቻ ገጹን ያስገልብጥ" አልኳት።

"አባባ፣ ወረቀት ልቆጥብልዎት ነው ወይስ ሥራ ሊያሳጡኝ?" አለች። እንዲህ የሚመልሱልኝ ሰዎች ያስደስቱኛል።

ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ጫማዬን አወልቅ ነበር። ሐያት ኩሽና ለራህመት ስታወራ ሰማሁ።

"ነገ ለአማካሪዬ ደውዬ አልደረሰም ልበላቸው መሰለኝ፣ እማማ።"

"በይ እስቲ መጀመሪያ ብይ" አለቻት ራህመት። የራህመት መፍትሔ ሁሉ ከምግብ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ናት።

እኔ ጫማዬን አውልቄም እዚያው ቆሜ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የሙሉጌታን ታሪክ የተናገርኩት እንደሆነው አይደለም። እንደሚመቸኝ ነው። ለራሴ "ኮምፒውተርና ሙሉጌታን ምን አገናኛቸው?" አልኩት። ሰኞ ግን ሐያት በዚያ ታሪክ ብድግ ብላ ነበር። ጎዶሎውን ታሪክ ሰጥቻት ይሆን?

ምሳ አልበላሁም። ራህመት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ሐያት ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ልትደውል ነው።

"ቆይ" አልኳት። "ስለ ሙሉጌታ ዋሽቼሻለሁ።"

"አባባ፣ አሁን ቀልድ አልችልም።"

"ቀልድ ቢሆን ደስ ባለኝ።"

ነገርኳት። ተላላኪዎቹ ሦስት ነበሩ። ፋይሉን ያዛወርኩ ቀን አጠገቤ የቆመው አንዱ ብቻ ነበር። ለእሱ "ከዛሬ ጀምሮ በቃልህ የያዝከውን እርሳው፤ ማውጫ እያየህ ሂድ" አልኩት። ለሁለቱ ነገ እነግራለሁ ብዬ ረሳሁ። ሙሉጌታ ካልተነገራቸው አንዱ ነው። ያቺ ሴትዮ የተመላለሰችው በእሱ ድድብና አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሲጻፍበትም ዝም አልኩ። ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ ያስገባሁት በዚህ እጄ ነው።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አፏን ከፍታ ታየኛለች።

"ለአንዱ ብቻ ነገሩት?"

"ለአንዱ።"

"ሌሎቹ ሥራቸው ላይ እያሉ?"

"አዎ አልኩሽ እኮ። ስንቴ ታስደግሚኛለሽ?"

ስልኩን ወረወረችው። ሶፋ ላይ ነው ደግነቱ። "እኔስ ለስንቱ ነው የነገርኩት? አባባ፣ ለስንቱ ነው የነገርኩት!" እያለች ላፕቶፑን ከፈተች። ያቺ ሰኞ ያሳየችኝ መስመር "እርሳ" የምትለው ለአንዱ ኮር ብቻ ነው፣ ሥራውን ለያዘው። ሦስቱ የድሮውን አድራሻ በቃላቸው እንደያዙ ናቸው። እናትየው በእነሱ በኩል ስትጽፍ "ይህ ገጽ አሁን የጋራ ነው፣ ገልብጠሽ ጻፊ" የሚላት የለም። የልጁ ገጽ ላይ ትጽፋለች።

አንዷን መስመር ቀየረቻት፤ ለአራቱም እንድትናገር። የማክሰኞን ቁልፎች በሙሉ ነቀለቻቸው። ሙከራው ሲሄድ ዋለ። በዙሁር ሶላት ሰዓት አንድም ስሕተት የለም። በዐሱርም የለም። ፍጥነቱም ተመልሷል፤ ለሁሉም መናገሩ ትንሽ ቢወስድም ማውጫ ከመገልበጥ እጅግ ያንሳል አለች። አማካሪዋ በስልክ "ነገ እንገናኝ" አሏት። ራህመት እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ ገና ሳይነገራት።

ከዐሱር በኋላ ከበድ ያለውን ሥራ ሠራሁ። ሙሉጌታ አስኮ ነው የሚኖረው፤ ቁጥሩ አለኝ፣ ለበዓል እንደዋወላለን። ሁሉንም ነገርኩት።

"እኔማ ያኔም አውቅ ነበር፣ ጋሽ ሽኩር" አለኝ።

"አውቀህ ለምን ዝም አልክ?"

"ማን ያምነኛል? መዝገብ ቤቱ እርስዎ ነበሩ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። ይቅር በለኝ አልኩት። እሱም "የሴትየዋ ፋይል ግን ተገኝቶ ነበር አይደል?" አለ። ተገኝቶ ነበር። ያገኘው ራሱ ነው፤ እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ። እሑድ ምሳ ከእኛ ጋር ነው። አላህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አሠርቶኝ እኔ ደደብ እለዋለሁ።

ዓርብ

አለፈች! ጥቂት እርማት ይዛ አለፈች።

እኔና ራህመት ከኋላ ተቀመጥን። ራህመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዱዓ ስታደርግ እኔ የሚገባኝን ቃል በጣቴ ስቆጥር ነበር፤ ከ"ማውጫ" በቀር ብዙ አልሞላልኝም። ሐያት ቀጥ ብላ ቆማ ተናገረች። ልጅየው ምን እንደሚወርስ፣ ማውጫው መቼ እንደሚገለበጥ፣ መቼ እንደማይገለበጥ። አንደኛው ፈታኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት፣ "ይህን ስሕተት እንዴት አገኘሽው?" አሏት። ሐያት ንግግሯን አቆመችና ወደ እኔ ጠቆመች። "የኋለኛው ወንበር ላይ ያሉት አያቴ ናቸው ያገኙት። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል።" አዳራሹ አጨበጨበ። ፈታኙ መጥተው እጄን ጨበጡኝ።

ምስጋና፦ ለሐያት። ለራህመት። ለሶኬቷ ልጅ። ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ። ለሙሉጌታ፣ ለሙሉጌታ፣ ለሙሉጌታ። ለጌታዬ፣ አፌን ሐሙስ ለከፈተልኝ፤ ሰኞ ቢከፍተው የበለጠ ነበር፣ ግን አላማርርም።

አሁን ደግሞ፣ ሰው ላይ ያለ አግባብ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ፣ ለራሴም ያለ አግባብ የጻፍኩትን ላስተካክል። ማንም አላጨበጨበም። ፈታኙም እጄን አልጨበጡም። ጥያቄውን ጠይቀዋታል፤ ሐያት "ትእዛዙ ለአንዱ ኮር ብቻ ይደርስ ነበር፤ ለሁሉም እንዲደርስ አደረግሁ" ብላ አለፈች። እንደዚያ ነው መልሱ፤ ሳይንስ አያት አይጠራም።

ለእኔ የነገረችኝ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ሬዲዮው ይጮህ ስለነበር ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "አባባ፣ ትናንት ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ አልቆምም ነበር" አለችኝ።

"ምን አለችህ?" አለች ራህመት።

"መስኮቱን ይዝጉ ነው ያለችኝ" አልኳት፤ ዘጋሁትም።