ባሮሬ ያልላጣቸው

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዝናብ። የካሊያሪ መንገድ ሁሉ ኩሬ ሆኗል። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ወደ ምድር ቤቱ ላቦራቶሪ በደረጃ ወረድኩ። ቴክኒሻኔ ኢኛሲያ ቀድማኝ ገብታ ሬዲዮዋን ከፍታ አንጎል እየላጠች ነበር።

ለሌላ ሰው የሚዘገንን ነገር ነው። ለእኛ ሥራ ነው። ከማቆያ ፈሳሹ፣ ከፎርማሊን፣ የወጣ አንጎል ላዩ ላይ ስስ ገለፈት አለው። በወረንጦ ተይዞ ቀስ ብሎ ይገፈፍና ባልዲ ውስጥ ይጣላል። አንጎሉም ያበራል። እንዲህ ነው የተማርነው። ኢኛሲያን የሚያህል ላጭ በሰርዲኒያ ደሴት የለም፤ ራሷም ታውቀዋለች።

«እዪው እስቲ ዶክተር፣ የሙሽራ ፊት አይመስልም?»

«ይመስላል» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8
ኦሩሌ መንደር፣ እናቴ ቤት። እህቴ አንቶኒካ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። የአንጎሏ የኤምአርአይ ፎቶ ንጹሕ ነው፤ አዲስ ቁስል የለም፤ በሽታው ተኝቷል ተባለች። እግሯ ግን ከአምና ብሷል። የበር ደፍ መሻገር አቅቷታል።

እማዬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልቧ የሚያምነው በዓይን ያየችውን ብቻ ነው። «ፎቶው ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ ተነሺ። ሰው የሚሽመደመደው ሲቀመጥ ነው» ትላለች። ነገ በእግሯ ቅዳሴ ልትወስዳት ነው። ባለፈው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወድቃ አገጯ ተተልትሏል። እሱንም እማዬ «አልተጠነቀቀችም» አለች።

ማታ ወጥ ቤት ብቻችንን ስንሆን እህቴ ሳህን እያደረቀች፦ «ጎናሪያ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ምናልባት አልሞክር ይሆናል።»

በሽታውን ትችለዋለች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ችላዋለች። ያልቻለችው አለመታመኑን ነው። ሠላሳ ዓመት ይሄው በሽታ፣ ኤምኤስ፣ የነርቭ ልባስ እየበላ የገደላቸውን ሰዎች አንጎል ሳይ የኖርኩ ሴት፣ ለገዛ እህቴ ምስክር ልሆናት አልቻልኩም። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
የክፍሉን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሙርጃን እንዲያምኑኝ ደግሜ ለመንኳቸው። ቁስሉ መሐል ነጩ ክፍል ላይ ብቻ አይደለም፣ ከላይ፣ ከራሱ ከአንጎሉ ቅርፊት ላይም አለ፤ ኤምአርአይ አያየውም፤ ሰው ቀስ እያለ የሚደክመው ከዚያ ነው አልኳቸው። ይሄን ስላቸው ስንት ዓመቴ ነው...

«ልጄ፣ ቅርፊቱን ምን ይበላዋል? ከየት መጥቶ? እሱን አሳዪኝ።»

ላሳያቸው አልቻልኩም። ጁን ላይ ጡረታ እወጣለሁ፤ ክፍሉም ለሌላ ጥናት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማን ሊፈልገው?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19
ከተራራው ሆስፒታል ከባሮሬ አንድ አንጎል መጣ። አልተላጠም። ደም እንደለበሰ፣ ከነገለፈቱ! ኢኛሲያ ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። ንዴቴን ይዤ ስልክ መታሁ። ባሮሬ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፣ የሬሳ ምርመራ ሐኪም፤ እንደሱ ያለ ሰነፍ ሰርዲኒያ አልወለደችም።

«ይሄን አልላጥከውም።»
«አልላጥኩትም።»
«ለምን?»
«ወገቤ።»
«በወረንጦ ለመላጥ ወገብ ምን ያደርጋል?»
«ተቁሞ'ኮ ነው የሚሠራው።»
«አንተ እኮ መቃብርህንም ሰው ካልቆፈረልህ አትገባም።»
«አንቺ የራስሽን ልትቆፍሪ ነው እንዴ?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለመላጥ ትዕግሥት አልነበረኝም። እንዳለ ቆረጥኩት።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3
ራቴን ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ባሮሬ የላከው አንጎል የናሙና መስታወቶች ዛሬ ቀለም ተነክረው ወጡ። ሁለት እጥፋቶች በሚገናኙበት ጥልቅ ቦታ፣ ገለፈቱ ውስጥ... ነጭ የደም ሕዋሳት። ጥቂት አይደሉም። ተጨናንቀው፣ ቤት ሠርተው ተቀምጠዋል። ልክ ከሥራቸው ያለው ቅርፊት ደግሞ ባዶ። የነርቭ ክሮቹ ልባስ ተበልቷል፤ ከላይ ጨርሶ፣ ወደ ታች እየቀነሰ። ገለፈቱ ባዶ የሆነበት ቦታ ሄድኩ። ቅርፊቱ ጤነኛ። ተመለስኩ። ሌላ እጥፋት። እንደዚያው።

ከየት መጥቶ ነው ያሉት ፕሮፌሰር? ከገለፈቱ ነዋ። እኛ ከምንጥለው።

በሩን ቆልፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማስረጃዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፈልግሽ የት ነበርሽ? ባልዲ ውስጥ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4
ፕሮፌሰር አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፦ «አንድ እንጨት አይነድም፤ ሌላም አምጪ።»

ልክ ናቸው። መጋዘናችንን ገለበጥነው። ሁሉም ያበራል፣ ሁሉም የሙሽራ ፊት። አንድ ብጣሽ ገለፈት የለም። ኢኛሲያ መደርደሪያው ሥር ቆማ «ይሄ ሁሉ የእኔ እጅ ነው» ብላ አለቀሰች። የመማሪያ መጽሐፉ ነው ያዘዘሽ፣ እኔም ፈርሜበታለሁ፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው አልኳት። አልተጽናናችም። እኔም አልተጽናናሁ።

ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ብንጠብቅ ዓመታት ነው። ጁን ግን...

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6
ጥርሴን እየቦረሽኩ ትዝ አለኝ! አፌን ሳልጉመጠመጥ ደወልኩ።

«ባሮሬ፣ ሌሎቹስ?»
«የትኞቹ?»
«ኤምኤስ የነበረባቸው። ቤተሰብ ለምርምር የሰጠን፣ አንተ ያልላክሃቸው።»
«ማሸግ እኮ ሥራ አለው፣ ጎናሪያ...»
«ጣልካቸው?»
«መጣልም እኮ ሥራ ነው።»

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9
በረዶ ውስጥ መኪና ነድቼ ባሮሬ ሆስፒታል ደረስኩ። ከማሞቂያው ክፍል ጀርባ ያለች መጋዘን፣ መብራቷ የተቃጠለ። ባሮሬ አምፖሉን ለመቀየር «ሳምንት» ብሎ ሃያ ዓመት አልፎታል። በእጅ ባትሪ ገባን።

ከወለል እስከ ጣሪያ የመስታወት ማሰሮ፣ በእያንዳንዱ አንጎል። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ከየመንደሩ ነው። አንዱን አነሳሁ፤ አልተላጠም። ሌላውን፤ አልተላጠም። አንዱም አልተላጠም። የሕይወቴ ትልቁ ሀብት እዚያ አቧራ ለብሶ ቆሞልኛል። ባሮሬን ጉንጩን ሳምኩት።

«ምነው ይሄን ትምህርት ቤት ሳለን ብታደርጊው» አለኝ።

እየሳቅኩ አለቀስኩ። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ስንቱ «አልሞከርክም» ተብሎ ይሆን?

ጃንዋሪ 21
ቆረጥን፣ ሰም አጠጣን፣ ቀለም ነከርን። ኢኛሲያ ቤቷ አትሄድም። ዓይኔ ጠፋ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16
የነጭ ሕዋሳቱ ክምችት ሁሉም ላይ የለም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ የሐኪም ታሪካቸውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ... ገለፈታቸው የተጨናነቀው ቶሎ የደከሙት ናቸው፤ አዲስ ጥቃት ሳይኖር፣ ቀስ እያሉ። እስከ እርጅናቸው በእግራቸው የሄዱት ንጹሕ ናቸው። ሁሉም ላይ ቢኖር ኖሮ ምንም አያስረዳም ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ነው! ዛሬ የሰማዩ ቀለም እንኳ ያምራል።

ፕሮፌሰር ግን፦ «ማን ማን እንደሆነ እያወቅሽ ነው ያየሽው። ዓይን የወደደውን ያያል። እኔ ራሴ ልፈትንሽ።»

«ይፈትኑኝ» አልኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 12
ፈተናው። ስሙን ሁሉ ሸፍነው፣ ቀላቅለው፣ በሌላ በሽታ የሞቱ ሰዎችን ሁሉ መሐል ሰግስገው አመጡ። ተንኮለኛ ሽማግሌ! ቀኑን ሙሉ አየሁ። ይሄ ቶሎ ደክሟል። ይሄ በእግሩ ኖሯል። ይሄኛው ኤምኤስ ጨርሶ የለበትም። ኢኛሲያ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት ይመስለኛል።

ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን እየገለጡ አነበቡ። ልክ። ልክ። ልክ። አንዱን ስቻለሁ። ከዚያ እንደገና ልክ፣ ልክ፣ እስከ መጨረሻው።

መነጽራቸውን አወለቁ።

«አርባ ዓመት እየላጥኩ፣ ላጡ ብዬ አስተማርኩ» አሉ። «ጻፊው። በፍጥነት ጻፊው። የዚያንም ሰነፍ ስም አስገቢ።»

ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። አሸነፍኩ! ለራሴ ብቻ ስለምጽፍ እደግመዋለሁ፦ አሸነፍኩ።

ሜይ 20
ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ። ጡረታዬ ለሦስት ዓመት ተራዘመ። ክፍሉም የእኛ ነው። ኢኛሲያ ወረንጦዋን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ዓርብ፣ ጁን 12
ጉባኤው እዚሁ ካሊያሪ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ስጨርስ አንድ የቪየና ሰው ተነስቶ ገለፈቱን እንደዚህ ሳይነካ ለማቆየት ምን ዓይነት ዘዴ እንደተጠቀምን ጠየቀ። ባሮሬ ከእንቅልፉ ነቅቶ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለኝ።

«ረጅም ዓመት የፈጀ ዘዴ ነው» አለ። ኮስተር ብሎ። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ቅዳሜ፣ ጁን 13
እማዬና አንቶኒካ ለጉባኤው መጥተው እኔ ጋ አድረዋል። ዛሬ እማዬ «እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ» አለች። አንቶኒካን ቤት ትተን ወደ ላቦራቶሪው ወረድን። ወንበሩን ከፍ አድርጌ ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩላት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ተጠጋች።

«ይሄ ቡናማው ምንድን ነው?»
«ጤነኛው ነው፣ እማዬ። የነርቩ ልባስ።»
«እዚህ ጋስ ለምን የለም?»
«ተበልቷል።»
«ይሄ ሰው... ፎቶህ ንጹሕ ነው ተብሎ ነበር?»
«ነበር።»

ወደኋላ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ፈቀቅ አላለችም።

«በየእሑዱ እየጎተትኩ...»
«እማዬ፣ ይበቃሻል አሁን።»
«ዝም በዪ። ልይበት።»

እስኪደክማት አየች። ቤት ስንገባ አንቶኒካ ሶፋ ላይ ነበረች። እማዬ ኮቷን ሳታወልቅ ሄዳ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች፤ ጫማዋን ፈታችላት፤ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሸው ጀመር። «አይቼዋለሁ» አለቻት። «እውነትሽን ነው። ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።» እህቴ እጇን የእማዬ ራስ ላይ አሳረፈች። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8
ኦሩሌ። የእመቤታችን ልደት በዓል። ሙዚቃ፣ አቧራ፣ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል ሽታ። አንቶኒካ አዲሱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ቀይ ሻል ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ። እግሯ ያው ነው፤ መድኃኒቱ ገና ነው፤ ሁለት አገሮች ፍለጋውን ጀምረዋል። እሷ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ለጠየቃት ሁሉ ሳትደበቅ ትናገራለች።

ወንበሩን የምትገፋው እማዬ ናት። «አምጪው፣ ያደክምሻል» ብላት እጄን መታችኝ። ሰልፉ መሐል እትዬ ማዳሌና፣ ጎረቤታችን፣ ጠጋ አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በዚያ በሐዘን ድምጿ፦

«ምነው ባሲሊያ፣ እንዲህ ወንበር አስለመድሻት? ትንሽ ብትሞክር እኮ...»

እማዬ ቆመች። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ በማይክሮስኮፕ አይተሻል?»
«በምን?»
«በማይክሮስኮፕ።»
«ኧረ... አላየሁም።»
«እኔ አይቻለሁ» አለችና ወንበሩን ገፍታ፣ መንገድ አስለቅቃ አለፈች።