ከጓሮውም ከቁልቁለቱም

አባብዬ፣

አፈር ከለበስክ ሁለተኛው መስቀል ደረሰ፤ እኔ ግን ዛሬም ደጅ ላይ ሰው ሲያስል አንተ መስለኸኝ ከጓዳ እወጣለሁ። ይህችንም የምጽፍልህ እየተቀመጥኩ እየተነሣሁ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና፣ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትቆጣኝ።

ከሄድክ ወዲህ የጓሮው እንሰት ቁመት አወጣ፣ የወንዙ ዳር አጥር ወደቀ፣ ወንዶቹ ልጆችህም በመሬትህ ተኳረፉ። ሁለቱም እኩል እንካፈል ይላሉ፤ እኩል ማለት ምን እንደ ሆነ ግን አይስማሙም። ኃይሉ ሶዶ ከተማ ከመሬት ለኪዎቹ ጋር ስለሚውል ለሱ እኩል ማለት ገመድ ነው፤ ገመዱ እስከ ደረሰ ድረስ ድንጋዩም ለሙም አንድ ነው። ታደሰ ደግሞ ገበሬ ነው፤ ለሱ እኩል የሚታወቀው ጎተራ ሲሞላ ነው፤ ፍግ የጠገበው ጓሮ የዳሞታ ተራራ ጎርፍ ከሚያጥበው ቁልቁለት ጋር እንዴት ይተካከላል ይላል። የነፍስ አባታችንን ብንጠይቃቸው ሁላችንም በፈጣሪ ፊት እኩል ነን ብለው ባርከውን ሄዱ።

እኔን ማን ጠየቀኝ? ባሌ ሞቶ ካንተ ዘንድ ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ቤት ያቆየሁ፣ ታመህ ስትተኛም ያገላበጥኩህ እኔ ነኝ። የነሱ እኩል ግን ለሁለት ነው። ባገሩ ልማድ ሴት መሬት አትካፈልም አሉኝ። ሌላ ጊዜ በአያቶቻቸው በሰሜን አገር ሲኩራሩ የሚውሉት፣ መሬት ሲሆን ወላይታ ሆነው አረፉት! እንዲህ ከተካፈሉ ከነልጄ ያንዳቸው ጥገኛ መሆኔ ነው።

የመስቀል ቅርጫ ትዝ ይልሃል? ሰፈሩ በሬውን አርዶ ቢላውን ላንተ ይሰጥ ነበር። አንተ ከሻኛውም ከጎድኑም ከጨጓራውም ለየድርሻው መደብ ታዳርሳለህ፤ ሌላው በዕጣ ያነሣል፣ አንተ የመደብከው ግን የተረፈውን መጨረሻ ታነሣለህ። መጨረሻ የሚያነሣ ሰው እጁ አያዳላም ትል ነበር። በሬውን ሲቀልብ ለከረመው ሰውም፣ ባያዋጣ እንኳ፣ መደብ ሳታወጣ ቢላህን አስቀምጠህ አታውቅም።

ትናንት በሽማግሌዎች ፊት መሬቱም እንዲሁ ይመደብ አልኩ። ወንድሞቼ ወደዱት። እሷ ድርሻ የላትም፣ ለማን ታዳላለች ብለው መመደቡን ለኔው ሰጡኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ዛሬ ማለዳ ከጓሮውም ከቁልቁለቱም ከግጦሹም እያዳረስኩ ካስማ ተከልኩ። መደቡ ሦስት ሆነ። ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩ፤ አንደኛው ሳቁን በጋቢው ሲሸፍን አይቼዋለሁ። አሁን ልጆችህ ደርሰው ካስማውን እየቆጠሩ ነው፤ የኃይሉ ጩኸት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ፈርቻለሁ አባብዬ። ቢሆንም ልወጣ ነው።

አንተን የማስብህ በተዝካር ቀን ብቻ አይደለም። ዕጣቸውን ይጣሉ፣ የደረሳቸውን ያንሡ። የመደብኩት እኔ ነኝ፤ እንዳንተ መጨረሻ አነሣለሁ።

ልጅህ