ዙሪክ ላይ የጠራሁት ስም

ጄኔቫ፣ ሻትሌን
ሐምሌ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

የምወድሽ እማዬ፣

ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። ለቢረሳው ተዝካር እናውጣለት ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ወዲህ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ባመጣው ግርግር፣ በዚያ ጥቅምት ከቤት እንደወጣ የቀረ ወንድሜን ምን ልበለው?

ባለፈው ቅዳሜ ቦላንሌ ዙሪክ ይዛኝ ሄደች። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ናይጄሪያዊት ናት፤ ዮሩባ። በዓመት አንዴ ኤጉንጉን የሚሉት በዓል አላቸው። ያን ቀን የሞቱ ዘመዶች ልጆቻቸውን ሊጠይቁና ሊመርቁ ይመጣሉ ይላሉ። አትቆጪኝ፤ ለማየት እንጂ ለመስገድ አልሄድኩም።

ከበሮው ሲመታ ከራሱ እስከ እግሩ በጨርቅ የተሸፈነ ሰው እየተሽከረከረ ወደተሰበሰብንበት አዳራሽ ገባ። ጨርቁ ድርብርብ ነው፤ ቤተሰቡ በየጊዜው አዲስ ይጨምርበታል። ሟቾቹ በእሱ አድረው ይመጣሉ ስለሚሉ ውስጡ ማን እንዳለ አይጠየቅም። ማንም እንዳይነካው ዱላ የያዙ ወንዶች ይከላከላሉ። አንዲት አሮጊት የሟቾቹን ስም በዜማ ትጠራለች። ቦላንሌ የማንን ስም ላስጠራልሽ ስትለኝ የአባባን ሰጠኋት።

«ወንድምሽስ?»

«እሱ አልሞተም።»

ያልተሸኘ ሰው ዕረፍት እንደሌለው ቀስ ብላ ነገረችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ተመለስኩ።

አሮጊቷ «ሽፈራው» ብላ የአባባን ስም ስትጠራ ባለጨርቁ ፊቴ መጥቶ ቆመ። በሻከረ ድምፅ መረቀኝ። ከዚያም የቀረ ነገር የሚጠብቅ ይመስል አልሄደም። ዞሮ ወደ በሩ ሲያመራ ግን እግሬ ተከተለው። ባለዱላዎቹ አገዱኝ።

«ቢረሳው!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከበሮው ድምፄን የዋጠው መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ ሰምታ ኖሮ ስሙን ተቀብላ አዜመችው። አዳራሹ በሙሉ ተቀበላት። እማዬ፣ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያለቀስኩትን አልነግርሽም።

የተዝካሩን ነገር ከቄሱ ጋር ጨርሺ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ስላላለቀ መምጣት አልችልም። የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ስልኩን አስጠጊልኝ፤ ልስማው።

እመብርሃን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ከደጅሽ የሚመጣውን ሁሉ ደህና ታድርግልሽ። ከተዝካሩ በኋላም ቢሆን፣ እማዬ፣ እስከ ዛሬ እንዳደረግሽው የውጪውን በር አትቀርቅሪው።

ልጅሽ ትርንጎ